ተቀበል፣ አዝማሪ

አምባሰል ሆይ፣ በስምህ የሚጠራው ዜማ አዲስ አበባ ላይ ቤቱ ፈርሶበታል። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሲሄድ ቀና ብሎ ለሚያይህ መንገደኛ አንተ ያው ነህ፤ ገደልህ አለ፣ ንብህ አለች፣ ግሸንም በመስቀል ቅርጿ እንዳለች አለች። እኔ ግን ከካዛንቺስ መርዶ ይዤልህ መጥቻለሁ።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ፣ አምባሰል፤ ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ በወሎ ቦታ ስም ይጠራሉ። ያንተው ከሁሉም ይከብደኛል። ሲተረክ እንደሰማሁት ማር ቆራጩ በገመድ ታስሮ ወደ ገደልህ ወረደ፤ ላይ ሆኖ ገመዱን የያዘው ባልንጀራው ሚስቱን ይመኝ ነበርና ገመዱን ቆረጠው። አምባሰልን በወጉ የሚጫወት ሰው ሲገኝ፣ ያ ማር ቆራጭ ከገደሉ ሥር ሲጣራ ይሰማኛል። ሜሪ አርምዴ በክራሯ አሰማችው፤ ማሪቱ ለገሰ በጉሮሮዋ አለቀሰችለት። ስማቸውን ማንም ያልመዘገበላቸው ስንት ባለማሲንቆዎች ደግሞ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም ተነሥተው፣ ዜማውን በብብታቸው ይዘው፣ አዲስ አበባ ጠጅ ቤት አደሩ።

ካዛንቺስን የሠራው ጣሊያን ነበር፤ ለመንግሥቱ ሠራተኞች መኖሪያ። ያው ጣሊያን በ1929 ዓ.ም.፣ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ አዝማሪውንና ጠንቋዩን እያደነ ገድሏል። አንድ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት እንጨት ነበር ያስፈራው። ወራሪው ወጣ፣ ዓመታት አለፉ፣ ለሹማምንቱ በተሠራው ሰፈር አዝማሪ ገባበት። ማሲንቆ እንዲህ አድርጎ ይበቀላል።

አዝማሪ ቤቶቹን ያቆሙ ሰዎች ግን ባለቤት ሆነው አያውቁም። ጠጅ የምትጥለው ኮማሪት፣ ብርሌ የሚያዞረው አሳላፊ፣ ጥግ ይዛ ከበሮ የምትመታው ልጅ፤ ግድግዳው ከእነዚህ የማንኛቸውም አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ አከራዩ ቤቱን አጣ፣ ተከራዩም ኪራዩን ለቀበሌ ይከፍል ጀመር፣ መሬቱ የመንግሥት ሆነ። ቀጥሎ ሰዓት እላፊ መጣ። ሌሊት የሚኖር ሙያ ሌሊቱን ተነጠቀ። አዝማሪ ቤት በካዛንቺስና በዳትሰን ሰፈር እንደገና የደራው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው፤ ሌሊቱ ሲመለስለት።

የካዛንቺሷ አዝማሪ ቤት፣ ፈንዲቃ ሆይ፣ አንቺን ግን ስምሽን ጠርቼ አለቅስሻለሁ።

መላኩ በላይ ገና ወጣት ሳለ እስክስታ እየወረደ በእንግዳ ጉርሻ የሚኖረው አንቺ ዘንድ ነበር፤ የሚያድረውም ባንኮኒሽ ሥር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ራሱ ተከራይቶ ተረከበሽ። ወለልሽ ላይ የተኛ ሰው አንቺን ሊተውሽ አልቻለም፤ ጎረቤት ያሉ አዝማሪ ቤቶች አንድ በአንድ ሲዘጉ እርሱ ሥዕል ማሳያ ጨመረልሽ፣ የጃዝ ምሽት ጨመረልሽ፣ ኢትዮከለር የሚባል ባንድ መሥርቶ ትከሻሽን ለአውሮፓና ለአሜሪካ መድረክ አሳየ። የፈረንሳይ መንግሥት ሳይቀር የክብር ኒሻን ሰጠው። መሬቱ ግን እንደ ድሮው የሌላ ነበር።

እንዴት ያለ ቤት ነበርሽ! ጣራሽ ዝቅ ያለ፣ መቀመጫሽ ከመሬት ብዙም ያልራቀ፣ ዘግይቶ የመጣው ጉልበትና ጉልበት መሃል እየተሽሎከለከለ የሚገባብሽ። አዝማሪው ፊታችን ይቆማል፤ ኮታችንን፣ ጫማችንን፣ አጠገባችን የተቀመጠችውን ያያል፤ አገራችንን ይጠይቃል። «ሐይቅ» ያለው እንግዳ ሐይቁ፣ እስጢፋኖሱ፣ የተጠበሰው ዓሣ ሳይቀር ከነስድቡ በግጥም ይመጣለታል። ስቆ ሳይጨርስ ሰሙ ይቀልጥና ወርቁ ይገለጥለታል፤ ያን ጊዜ ነው እጁን ወደ ኪሱ ሰዶ አዝማሪው ግንባር ላይ ብር የሚለጥፈው። ግጥም ያለው ደግሞ ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ይላል። ሹፌር ይላል፣ ፀሐፊ ይላል፣ ትናንት ዘመድ ቀብሮ የመጣ ይላል። አዝማሪው ስንኙን ከአፉ ይቀበለዋል፤ በማሲንቆ አጥቦ ይመልስለታል። በቀን አፉን የሚይዝ ሰው በሌሊት የልቡን የሚናገርበት ቤት ይህ ነበር፤ ለእኔ የአዝማሪ ቤት ትልቁ ሥራውም እርሱ ነው። ለዚህ ደግሞ ፊት ለፊት መተያየት ያስፈልጋል፤ ጠባብ ክፍል ያስፈልጋል።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን አነሣ፤ በ2017 ዓ.ም. መባቻ ካዛንቺስ ደረሰ። ከነዋሪው ብዙው ዕቃውን ጭኖ ወደ ገላን ጉራ ሄደ። ፈንዲቃም ፈረሰች።

ይታየኝ ነበረ አምባሰል ከዚህ ቤት፣
ዛሬ በምን ልየው መስኮቱ የለበት።

መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፤ በእርሱ አልከፋም። የቆርቆሮ አጥርን፣ የጋራ ሽንት ቤትን፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ የሚገባበትን ጓዳ ማንም እንዲናፍቅ አልጠይቅም። የሚያስለቅሰኝ ሰፈሩ ሲበተን አብሮት የተበተነው ነው። ከበሮ መቺዋ አንድ ጫፍ፣ ጠጅ ጣይዋ ሌላ ጫፍ፤ በእግሩ መጥቶ በእግሩ የሚመለሰው ደንበኛ አሁን ሌሊት በምን ይመለስ? መላኩና ጓደኞቹ በሀያት ሬጀንሲ ሆቴል ተጠግተው ጨዋታውን አላቋረጡም፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ያለ እነርሱ ይህችም አትገኝም ነበር። ግን ያ ሹፌር የሆቴል በር ላይ ተፈትሾ፣ ምንጣፍ ረግጦ ገብቶ፣ ከመሃል አዳራሽ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይላል ብዬ አላምንም።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ያበረከቱት ወንጌል አለ። ነገሥታት አልፈዋል፣ ጦርነት አልፏል፤ ብራናው ጠባቂ ስለነበረው እስከ እኛ ደረሰ። የአዝማሪ ግጥም ብራና የለውም። በአፍ ተወልዶ በጆሮ ይቀመጣል፤ ጆሮዎቹ የሚሰበሰቡት ደግሞ ቤት ሲኖር ነው። ማሲንቆውን ሙዚየም ሊያኖረው ይችላል፤ የዚያን ሌሊት ስድብና ምርቃት ግን የትኛው መስታወት ውስጥ ያኖሩታል?

አምባሰል ሆይ፣ ወሎዬ ለሐዘንተኛ «አብሽር» ይላል። እኔ ዛሬ አብሽር አልልህም፤ መጽናናት የሚመጣው ቤት ሲሠራ ነው። ሰፈር የሚያፈርስ ፕላን ሲነደፍ ለመኪና ማቆሚያ ቦታ ይታሰባል፣ ለአበባ መደብ ይታሰባል። ለአንድ ዝቅ ያለ ጣራም ይታሰብ። ኪራዩ አዝማሪ ሊከፍለው የሚችል፣ በሩ ለሹፌሩ የማይከብድ፣ ውሉም በአንድ ደብዳቤ የማይቀደድ ቤት ይሁን። እስከዚያው ማሲንቆህን ሸፍነህ በታክሲ የምትሄድ ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ በአምባሰል ቃኝልኝና ተቀበል፦

ቤቱ የመንግሥት ነው፣ መሬቱም የሱ ነው፣
ጨዋታው የኛ ነው፣ የት እናሳድረው?