ከአደን በፊት የሚታሰብ ነገር

ለአደን የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ስፍራውን፥ ውኃውንና ነፋሱን ያስባል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ሊያስበው የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የማይገድለውን መወሰን ነው። አንዲት የሰሜን ተወላጅ እኅታችን በቤይሩት ከተማ፥ ሐምራ በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ስትሠራ የደረሰባት ነገር ይህን ያስረዳል።

ጊዜው መስከረም 2010 ዓ.ም. ነበረ። በሊባኖስ አደን ከሃያ ዓመት በላይ ታግዶ ከኖረ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ሕግ መሠረት የአደን ወራት የተከፈተው በዚያ ሰሞን ነው። አዳኝ የሚሆን ሁሉ ተፈትኖ ፈቃድ ማውጣትና የመድን ዋስትና መግባት ነበረበት፤ የተፈቀዱለትም እንደ ቆቅና ድርጭት ያሉ ጥቂት ዓይነቶች ብቻ ነበሩ።

የቤቱ ጌታ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አንድ ማታ ከሁለት ወዳጆቻቸው ጋር በገበታው ላይ ካርታ ዘርግተው ይመክሩ ጀመር፤ እኅታችንም ሄል የገባበት ቡና እየቀዳች ትሰማ ነበረ። ያሰቡት በምሥራቅ በኩል በሶርያ ወሰን ወደ ተዘረጋው ወደ አንቲ ሊባኖስ ተራራ ለመሄድ ነው። ከባሕር የሚነሣው ደመና ዝናሙን በምዕራቡ ተራራ ላይ ስለሚጥለው፥ ምሥራቁ ደረቅና ድንጋያማ ሆኖ ይቀራል። በመስከረም ዝናም ገና ስላልጀመረ ምንጩ ጥቂት ነው፤ ቆቅም ጧትና ማታ ወደዚያው ይወርዳል። ስለዚህ ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ተነሥተው፥ በደማስቆ መንገድ የዳህር ኤል ባይደርን አቀበት አልፈው፥ የበቃዕን ሸለቆ ተሻግረው፥ ሳይነጋ ከበዓልቤክ በላይ ካለው ምንጭ አጠገብ ሊያደፍጡ ተማከሩ። ውሻው ነፋሱን ፊት ለፊት እንዲይዝ ከየት በኩል እንደሚገቡም ተነጋገሩ። ወደ ሰሜን፥ ወደ ራስ በዓልቤክ ከፍታ ግን እንዳይሄዱ መምህሩ በቀይ እርሳስ ከለከሉ፤ በዚያ ውጊያ ያበቃው በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ስለ ነበረ ፈንጂ ይፈራል።

በዚህ መካከል ከእንግዶቹ አንዱ ባለፈው ዓመት የተነሣውን ፎቶግራፍ ከስልኩ አውጥቶ አሳየ። በመኪና ፊት ላይ የተደረደሩ ነጫጭ ሽመላዎች ነበሩ። ሽመላ ለምግብ የምትታደን ወፍ አይደለችም፤ ሕግም አይፈቅዳትም፤ ከአውሮፓ ተነሥታ በሊባኖስ ላይ አልፋ ወደ አፍሪካ ስትወርድ ለጨዋታ የሚተኩሱባት ብዙ ናቸው።

እኅታችን ዝም ማለት አልሆነላትም። «ሚስተር፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህች ወፍ የአገራችን እንግዳ ናት። ከእርሻችን ላይ አንበጣ ስትለቅም አይቻታለሁ» አለች።

ባለፎቶግራፉ ሥቆ፥ «ለአንቺ ጓደኛ እንድትሆን ብለን ነው ከዚህ ያስቀረናት» አላት።

መምህሩ ግን አልሣቁም። «በአገርሽ አዳኝ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«አያቴ አዳኝ ነበሩ። የሰሜን ተራራ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሳይታወጅ በፊት ዋልያ ያድኑ ነበር፤ ሥጋው ይበላል፥ ቀንዱም ዋንጫ ይሆናል። ውኃ ሊጠጣ የወረደውንና ግልገል የምታስከትለውን አልመታም ብለው ማሉ፤ ነገር ግን የማሉት ገደሉ ባዶ መሆን ከጀመረ በኋላ ነው። አርጅተው እንኳ ‹ምነው አስቀድሜ በማልሁ› ይሉ ነበር።»

መምህሩ ጥቂት ዝም ብለው፥ «በእኛም ተራሮች የዋልያ ዘመድ ነበረ፤ በጠመንጃ አለቀ» አሉ። ከዚያም በምንጩ ላይ ያደረጉትን ምልክት በላጲስ አጠፉ። «ከውኃው ርቀን እንሄዳለን፤ ሽመላ የመታ ሰውም ከእኔ ጋር አይወጣም» አሉ። መኪናው ግን የዚያ ሰው ነበረ፤ ተቈጥቶ ወጣ፤ ዕቅዱም ያን ማታ ፈረሰ።

የንግግሩን ዋጋ የከፈለችው እኅታችን ናት። የቤቱ እመቤት፥ «በእንግዳ ፊት ማን ተናገሪ አለሽ?» ብላ የእሑድ ዕረፍትዋን ከለከለቻት። ፓስፖርትዋ በእመቤቲቱ መሳቢያ ተቈልፎበት ስለ ነበረ የምታደርገው አልነበራትም፤ ሁለት እሑድ ቅዳሴ ሳትሰማ ቀረች። ሽመላዪቱ ያለ ፈቃድ ወሰን ተሻግራ ወደ አገርዋ ስትወርድ፥ እርስዋ ከሐምራ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ሰማዩን ትመለከት ነበረ።

በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ ከቀረው ወዳጃቸው ጋር መኪና ተከራይተው ሄዱ። ከምንጩ ርቀው ቀኑን ሙሉ በደረቁ ተዳፋት ሲወጡና ሲወርዱ ውለው ሦስት ቆቅ ብቻ ይዘው ተመለሱ። በማግስቱ እሑድ ነበረ፤ እርሳቸውም ሚስታቸውን ተከራክረው እኅታችንን እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አደረሱአት። ፓስፖርቱ ግን ከመሳቢያው አልወጣም።

ዳዊትን የሚደግም ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የሊባኖስ ዝግባ፥ ሽመላና የተራራ ፍየል በመዝሙር 103 በአንድ ምስጋና ውስጥ ይጠራሉ። ለእያንዳንዳቸው ስፍራ የሰጠ አንድ ጌታ ነው። እንግዲህ ወንድሞች ሆይ፥ ለምንም ሥራ ካርታ ስንዘረጋ፥ የምንደርስበትን ብቻ ሳይሆን እጃችንን የምንሰበስብበትንም አስቀድመን እናመልክት። በቤታችን ቡና የምትቀዳውም ስትናገር እንስማት፤ የያዝንባትም ነገር እንዳለ መሳቢያችንን እንመልከት።