ብርቅ የሚያደርገው ማን ነው?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከሚኒሶታ መጥቶ ጎባ እናቴ ቤት ሁለት ሳምንት ሰነበተ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ሻንጣው ውስጥ ከጫማውም ከስልኩም በላይ የሚሳሳለት አንድ ጥቁር አልበም ነበር። እሁድ ከሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ ዘመድ ጎረቤቱ በተሰበሰበበት፣ ይዞት መጣ። በየገጹ ዘጠኝ ዘጠኝ የላስቲክ ኪስ፣ በየኪሱ አንድ የመጫወቻ ካርድ፦ ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ ጦረኛ፣ የሚበር መርከብ።

ሁለቱን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ስማቸው አንድ ነው፤ በጨዋታው ውስጥ የሚሠሩት ሥራም አንድ ነው። አንደኛው ግን ጠርዝ የለውም። ሥዕሉ እስከ ዳር ይደርሳል፤ ወደ መስኮቱ ዘንበል ሲያደርጉት ዘይት እንደነካው ውሃ ያብለጨልጫል።

"ይሄ አንድ ዶላር አያወጣም። ይሄኛው ስልሳ" አለኝ በተሰባበረ አማርኛው።

"ታዲያ መቼ ነው የምትጫወትበት?" አለችው የጎረቤት ልጅ። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ በእጇ ሙሉ ቆርኪ ይዛለች።

"በዚህ አይጫወቱም" አላት።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሳቄ ቶሎ ቆመ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ጨዋታውን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ይባላል። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ሰው ፈጥሮት፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ አቀረበው። ካርዶቹ የሚሸጡት ታሽገው ነው፤ የደረሳችሁን የምታውቁት ፓኬቱን ስትከፍቱት ነው። መጀመሪያ ላይ ብርቅ ማለት ጥቂት የታተመ ማለት ብቻ ነበር። በ1999 የሚያብረቀርቁት መጡ። ቀጥለው ጠርዝ አልባዎቹ፣ ሥዕላቸው የተለየ፣ በመጨረሻም እንደ ብር ኖት ተራ ቁጥር የተመታባቸው ተከተሉ። በ2023 ኩባንያው "ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ" ከተባለው ልብ ወለድ የተወሰደውን የቀለበት ካርድ በተለየ መልክ አንድ ፍሬ ብቻ አተመ። ካናዳ ውስጥ አንድ ሰው ከፓኬት አወጣው፤ ዘፋኙ ፖስት ማሎን በሁለት ሚሊዮን ዶላር እንደገዛውም ተዘገበ። ያው ካርድ በተራ መልኩ በሽ በሽ ነው። ጨዋታው ላይ ልዩነት የላቸውም።

የዚህ ገበያ ምሥጢር የሚገባው ግን ከዚያ ቀደም ባለው ታሪኩ ነው። በ1995 ኩባንያው "ክሮኒክልስ" በሚል ስም የቆዩ ካርዶችን እንደገና አተመ። አሮጌዎቹን ብርቅ ብለው የያዙ ሰዎች ጩኸት አሰሙ። በ1996 ኩባንያው "እነዚህን ከእንግዲህ አላትምም" የሚል ዝርዝር አወጣ፤ ዛሬም በዚያ ዝርዝር ላይ ያሉ ካርዶች የሚሸጡበት ዋጋ ያስደነግጣል። በ2022 ደግሞ ሠላሳኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ከእነዚያው ካርዶች አንዳንዶቹን ጀርባቸውን ቀይሮ፣ ለውድድር እንዳይገቡ አድርጎ አተመና ስልሳ ካርድ በ999 ዶላር ሸጠ። እንግዲህ አስቡት። ሰብሳቢው የያዘው ካርቶን ነው፤ የካርቶኑን ዋጋ የያዘው ደግሞ "አላትምም" የሚል የኩባንያ ቃል። ማተሚያው ያለው ቃሉን በሰጠው ወገን እጅ ነው።

ይህን የፈረንጅ እብደት ነው ብለን እንዳናልፈው። እኛም አትመንበታል።

የምኒልክ መንግሥት የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 አወጣ። ፓሪስ የታተሙ ሰባት ቴምብሮች ነበሩ፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ፣ በሦስቱ ላይ የአንበሳው ምስል አለ። ከዚያ በነዚሁ ላይ ማኅተም እየተመታ ሌላ ቴምብር ይሆኑ ጀመር። አንዴ የሀገሪቱ ስም በፈረንሳይኛ፣ አንዴ "ቦስታ"፣ አንዴ "ማልክት" ተመታባቸው። ቀለሙ ይለያያል፤ አንዳንዱ ላይ ጽሑፉ ተገልብጧል። ለፖስታ ቤት ስህተት የሆነው ለሰብሳቢ ሀብት ሆነ፤ ሐሰተኛ ማኅተም የሚመቱም አልጠፉም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በ1919፣ ስዊዘርላንድ የታተሙ አሥራ አምስት የሚያምሩ ቴምብሮች ወጡ፤ ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ፣ ሰጎን፣ ዝሆን አለባቸው። በኋላ እነሱም ተደግመው ታተሙ። ዛሬ ዋናውን ከድጋሚው ለመለየት ገልብጠው ሙጫውን ያያሉ። የዋናው ነጭና ለስላሳ ነው፤ የድጋሚው ቡናማና የተሰነጣጠቀ። የክሮኒክልስ ታሪክ፣ ክሮኒክልስ ሳይወለድ።

አሁን ሳቄ ወደቆመበት ልመለስ።

በ1992 ዓ.ም. የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ቴምብር እሰበስባለሁ። ያኔ የተለመደው ቴምብር ቀይ ቀበሮ ያለበት ነው። ሥዕሉ አንድ ሆኖ ቀለሙና ዋጋው ይለያያል። ትምህርት ቤት እንለዋወጥ ነበር። ትንንሾቹ ዋጋዎች በየደብዳቤው ስላሉ ማንም አይፈልጋቸውም። ትልልቆቹ የሚለጠፉት ከባድ ፖስታ ላይ ስለሆነ በሁለት፣ በሦስት ይቀየራሉ። እኔ አንድ ቀለም ጎድሎኝ ነበር።

ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ጊምቢ አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ወፍራም ፖስታ ላከ፤ ፎቶግራፎች ነበሩበት። የጎደለኝ ቀለም ጥጉ ላይ ተለጥፏል። ደብዳቤ ተቀባዩም አንባቢውም እኔ ነኝ፤ እናቴም አያቴም ማንበብ አይችሉም። እቤት ሳልደርስ ጥጉን ቆረጥኩ፤ የቀረውን ፖስታ እንደገባሁ እሳት ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ከመካከል "ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሬአለሁ፤ አዲሱ አድራሻዬ ከፖስታው ጀርባ ላይ አለ" የሚል ደረሰብኝ።

ዘለልኩት። ዱላ ፈርቼ ዘለልኩት። መልሱን እናቴ ስታጽፈኝ በጊምቢው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ጻፍኩ።

በዚያው ክረምት አያቴ ሞተች። ጋሼን ያሳደገችው እሷ ናት። መርዶውንም በጊምቢ አድራሻ ጻፍኩት። ጋሼ የሰማው መንገድ ላይ ካገኘው የጎባ ሰው ነው፤ የመጣው ከአርባዋ በኋላ ነው። ለእሷ የገዛውን ጋቢ እንደታሰረ ይዞት ነበር። "እንዴት አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?" እያለ እናቴ ላይ ጮኸ። እናቴ "ልከናል ልጄ፣ ልከናል" ትላለች። እኔ ጓዳ ነበርኩ። አልወጣሁም።

ይህን ለማንም ሳልናገር ነው የኖርኩት። ያን እሁድ ግን፣ ልጁ አልበሙን ሲያገላብጥ፣ የእኔን ደብተር ከሣጥን አውጥቼ አጠገቡ ዘረጋሁለት። ለምን እንዳወጣሁት ዛሬም በደንብ አላውቅም። ልጁ ቀበሮዎቹን አይቶ ወዲያው ገባው፤ "ይሄኛው ነው ብርቁ፣ አይደል?" አለ። ጋሼ ከወዲያ ተነሥቶ መነጽሩን አደረገ። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ጠጉሩ ነጭ ነው። ቴምብሩ ላይ የተመታውን የፖስታ ማኅተም ቀስ ብሎ አነበበ።

"አሶሳ" አለ። "ይሄ የእኔ ደብዳቤ ነው።"

ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በደብተሬ ይዤው ማኅተሙን አንድ ቀን አላነበብኩትም። ለእኔ ማኅተም ቴምብር የሚያበላሽ ቀለም ነበር። አሶሳ መሆኑን ያን ጊዜ ብናውቅ የትምህርት ቢሮውን ጠይቀን እናገኘው ነበር።

ነገርኳቸው። ጋሼ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "ልጅ ነበርክ" አለኝ፤ ቀጥሎም "እናቴን ግን ሁለት ዓመት አኩርፌያታለሁ" አለ። እናቴ ከረከቦቱ ቀና ሳትል "ልከናል ብዬህ አልነበረም?" አለችው። ከዚህ በላይ የተባለ የለም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

በሳምንቱ ልጁን ይዘነው ወደ ሳነቴ ወጣን። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ሜዳ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቀይ ቀበሮ አየን። ኦሮሞዎቹ ጀዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ ይሉታል። የፈረንጅ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ የስሜን ቀበሮ ሲሉት ኖረዋል፤ አብዛኞቹ ግን ያሉት እኛው ባሌ ውስጥ ነው። በዓለም ያሉት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ያሉትን አብዛኞቹን ገደላቸው። በሽታው የሚመጣው ከቤት ውሾቻችን ነው። የባሌ ተራሮች በ2023 የዓለም ቅርስ ሆነው ሲመዘገቡ ደስ ብሎናል፤ ውሾቹን ማስከተብ ግን ከደስታው የበለጠ ሥራ ይፈልጋል።

ልጁ ፎቶ አነሣውና "ካርድ ቢሆን ብዙ ሚሊዮን ያወጣ ነበር" አለ። ልክ ነው። ግን ካርድ ቢሆን ኖሮ ማተሚያው ያለው ሰው አንድ ቀን ይደግመው ነበር። ይሄንን የሚደግም ማተሚያ የለም፤ አያቴን መቅበር ለቀረበት ሰውም የሚደገም ቀብር የለም። እኔ የተለየ ቀለም ሳሳድድ ከእጄ ያወጣሁት ይህን ዓይነቱን ብርቅ ነው።

መሰብሰብ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ልጁ አልበሙን ይዞ ተመልሷል፤ ደስ ይበለው። ለእናንተ ግን አንድ ልመና አለኝ። ቤታችሁ የአባት የእናት ደብዳቤ የታጨቀበት ሣጥን ካለ፣ ቴምብሩን ከፖስታው አትለዩት። ሰብሳቢዎቹም ራሳቸው ለአሮጌ ደብዳቤ ከነፖስታው ሲሆን የተሻለ ይከፍላሉ። ገንዘቡ ግን ይቅር። ማኅተሙን አንብቡት፤ ገልብጣችሁም ጀርባውን እዩት።

የአሶሳዋን ቴምብር ለጋሼ ሰጠሁት። ኪሱ ከተታት። ደብተሬ ላይ አንድ ቀለም እንደገና ጎድሏል፤ እንደጎደለ ይቆይ።