አንድ ሺህ ሸክላ

ባለፈው ዓመት ታምሜ፣ ዊዝድሮዋል ሞልቼ፣ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ተኝቼ ሳለሁ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ «አይ ልጄ፣ ዓመቱ ባከነብህ!» ይለኝ ነበር። ማዘናቸው ነው፤ ሆኖም ከትኩሳቱ ይልቅ የከበደኝ ይኸው ቃል ነበር።

በዚያ ሰሞን የዶርም ጓደኛዬ የቤል ኤንድ ሰባስቲያንን ዘፈኖች በስልክ ላከልኝ። ጊታሩ ከቼሎ፣ ከቫዮሊንና ከትራምፔት ጋር ይጫወታል፤ ዘፋኙ ግን ጎረቤት የተኛ ሰው ያለ ይመስል ድምፁን ከፍ አያደርግም። ለበሽተኛ የሚስማማ ሙዚቃ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የባንዱ መሪ ስቱዋርት መርዶክ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ዕረፍት የማይፈውሰው የድካም በሽታ ይዞት ሰባት ዓመት ያህል ከትምህርትም ከሥራም ለይቶት ነበር። ዘፈን መድረስ የጀመረው በዚያ ዘመን ነው። ሲሻለው ለሥራ ፈት ሙዚቀኞች በተከፈተ ሥልጠና ገባ፤ እዚያ የቀዳቸው የሙከራ ዘፈኖች ስቶው ኮሌጅ ደረሱ። የኮሌጁ የሙዚቃ ንግድ ተማሪዎች በየዓመቱ የአንድ ባንድ ዘፈን ያሳትሙ ነበር፤ ይህም እኛ ተርም ፔፐር እንደምንጽፈው ያለ የክፍል ሥራቸው ነው። መርዶክ ግን ዘፈን ስለ ተረፈው ሙሉ አልበም ተፈቀደለት። «ታይገርሚልክ» በ1996 እ.ኤ.አ. በ1,000 ሸክላ ብቻ ወጣ፤ በ1999 እንደ ገና እስኪታተም ድረስ ብርቅ ሆኖ ኖረ።

በዚያው በ1999 በብሪት ሽልማት ምርጥ ጀማሪ ተባሉ። ያን ጊዜ ሦስት አልበም ነበራቸው፤ እንዲህ ያለ ጀማሪ ያድርገን! ቼሎ ተጫዋቿ ኢዞቤል ካምቤል በ2002 ተለየቻቸው። በ2003 ያወጡት፣ ትሬቨር ሆርን ያዘጋጀው አልበም ድምፁ የጠራና የደመቀ ነው። ብዙ ሰው ይወድደዋል፤ እኔ ግን የፊተኛውን፣ ያን የሚያመነታውን ድምፅ እመርጣለሁ።

ዘንድሮ አብረውኝ የገቡት ልጆች ይመረቃሉ። ጋዋን ለብሰው ፎቶግራፍ ሲነሡ እንዳያዩኝ በቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ እዞር ነበር። ትናንት ግን በፊት ለፊት አለፍሁ። ጠሩኝ፤ ጋዋን የሌለኝ እኔ ብቻ ሆኜ መካከላቸው ቆምሁ።