ሃምሳው ቀን

ይቅርታ በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዳይ ነውን? የቤተ እስራኤል የበዓላት አቆጣጠር እንዲያ አይልም። በአስተሰርዮ ቀን ሰው ጾሞ ስለ ኃጢአቱ ምሕረት ይለምናል። ከዚያ ሃምሳ ቀን ተቆጥሮ ስግድ ይደርሳል፤ ያን ዕለት ተራራ የሚወጣው ሕዝቡ በሙሉ ነው። ጎንደር ሳሉ ለትሕትና ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም ነበር። ቄሶቹ ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፤ ሕዝቡም ወርዶ ጾሙን በደስታ ይፈታል። እስራኤል ስግድን እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች።

እኔና ታላቅ ወንድሜ በውርስ ቤት ምክንያት ከተኳረፍን ሦስት ዓመት ሆነን። በልቤ ይቅር ካልኩት ቆይቷል። ስግድ የሚጠይቀው ግን ካኮረፉት ሰው ጋር አብሮ ዳገት መውጣትን ነው። ሃምሳው ቀን የተሰጠው ለዚህ ይመስለኛል፤ ከልብ ተነስቶ የወንድም ደጅ እስኪደርሱ መንገዱ ሩቅ ነውና።