ስም ያጣ ድምፅ

የራዲዮ ሰው ሀብት ቀድሞ ከዓይኑ ፊት ነበር። ሸክላው በመደርደሪያ፣ የቴፕ ጥቅሉ በሣጥኑ ተቀምጦ፣ የዘፋኙ ስምና የተቀረጸበት ቀን በጀርባው ተጽፎ ይታይ ነበር። ክፍሉን የሚጠብቁት ሰው ደግሞ በመዝገብ ያልሰፈረውን ሁሉ በቃላቸው ይዘው ያገለግሉ ነበር። ዛሬ ያ መደርደሪያ ተጠቅልሎ አንድ ሰርቨር ውስጥ ገብቷል። የሰውየው ዕውቀት ግን አብሮ ለመግባቱ ዋስትና የለም።

ለዚህ ተግባር ከዋሉት ፕሮግራሞች አንዱ ሪቨንዴል ይባላል። ፍሬድ ግሌሰን በሳሌም ራዲዮ ላብስ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ በሊኑክስ ላይ የሚሠራና ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። አሠራሩ ድምፁንና ስለ ድምፁ የሚታወቀውን ለያይቶ ማኖር ነው። ድምፁ በዲስኩ ላይ 010005_001 እንደሚባለው ያለ ቁጥር ብቻ ተሰጥቶት ይቀመጣል፤ አርእስቱ፣ የዘፋኙ ስም፣ መነሻና መድረሻ ነጥቡ ግን በመረጃ ቋቱ ውስጥ ናቸው። ባለ ስድስት አሃዙ ቁጥር «ካርት» መባሉ፣ ጣቢያዎች ማስታወቂያና አጫጭር ዜማ ይጭኑበት ከነበረው የቴፕ ካርትሪጅ የተወረሰ ነው። ዕቃው ከአገልግሎት ወጥቶ ስሙ ቀርቷል። በሰርቨሩ ውስጥ የሚያሠጋው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የመረጃ ቋቱ ቢጠፋ ድምፁ ሁሉ እንዳለ ይቀርና የማን እንደሆነ የሚናገር ይታጣል።

ተከላው ራሱ ብዙ አያስቸግርም። ያልተጨመቀ ስቴሪዮ ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ፣ 1 ቴራባይት ዲስክ 1,500 ሰዓት ገደማ ይይዛል። አንድ ማኅደር በር ጠባቂ ይሆናል፤ የተጣለበትን ፋይል ፕሮግራሙ ራሱ አንሥቶ ያስገባል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ በታዘዘው ልክ ድምፁን ያስተካክላል፣ ከፊትና ከኋላ ያለውን ዝምታ ያስቀራል።

ዝምታ የቱ እንደሆነ ግን ማሽኑ የሚያውቀው በዴሲቤል ነው። ልኩ ከሙሉው ድምፅ 30 ዴሲቤል በታች ተብሎ ሲወሰን፣ በገና ደርዳሪው ገና አውታሩን በቀስታ ሲነካካ የሚሰማው ሁሉ ዝምታ ሆኖ ይቆጠራል። ጸሎቱ ከመካከሉ የጀመረ ይመስላል። ደግነቱ፣ ፕሮግራሙ መነሻ ምልክቱን በመረጃ ቋቱ ያዛውራል እንጂ ድምፁን ቆርጦ አይጥልም። ጆሮ ያለው ሰው ከፍቶ ቢያዳምጥ ምልክቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የሚያዳምጥ ካለ ነው እንግዲህ።

የስሙ ነገር ከዚህ የከፋ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ከተካተተ ወዲህ ኮምፒዩተሩ አማርኛን ያነባል፤ ነገር ግን ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሀይ ለእርሱ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የአንዲት ዘፋኝ ስም በሁለት አጻጻፍ የገባ እንደሆነ፣ ፈላጊው ከሥራዋ ግማሹን አያገኝም። የሥርጭቱ ዝርዝር የሚወጣው ለሳምንቱ 168 ሰዓቶች በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው፤ በውስጡም የአንድ ዘፋኝ ሥራዎች ተራርቀው እንዲሰለፉ ማዘዝ ይቻላል። ማሽኑ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ አስከትሎ ያሰማታል። አድማጩ በአዘጋጁ ይፈርዳል፤ ጥፋቱ ያለው በአንዲት ፊደል ነው።

ስለዚህ ነገሩ የገባው ባለሙያ አስቀድሞ የአጻጻፍ ደንብ ያወጣል፤ የመረጃ ቋቱንም በየሌሊቱ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል። ከካሴት የተቀዳ፣ ጽሑፉ የተፋቀ ዜማ ሲደርሰው ደግሞ የቀድሞውን የመደርደሪያ ጠባቂ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያሰማቸዋል። ሽማግሌው ጆሯቸውን አዘንብለው፣ «ይህ እገሌ ነው፤ የሚያጅበውን ማሲንቆ ቆይ ላስታውሰው» ይላሉ። እስኪያስታውሱ ድረስ የማሲንቆ ተጫዋቹ ቦታ ባዶውን ይቆያል፤ ግምት አይጻፍበትም።