ባሕር ዳር ላይ ጸጥ ያለ ማደሪያ ስትፈልጉ

ባሕር የለንም እንላለን እንጂ፣ የባሕር ዳር ሰው ጣናን «ባሕር» ነው የሚለው፤ የከተማዋም ስም ከዚሁ የመጣ ነው። የልጅ ልጆችን ይዞ ጥቂት ቀን ውሃ ዳር መሰንበት ለሚፈልግ፣ የራሱ መኪናም ለሌለው አያት፣ በአገራችን ከዚህ የሚሻል ቦታ አላውቅም። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ዘንባባዎቿ ጥላ ይሰጣሉ፣ ሰዉ በብስክሌት ይሄዳል፣ ጉልበት ሲከዳ ባጃጅ አለ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። በመኪና መንገድ ለመሄድ ያሰበ ግን የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ከሚኖር ዘመድ ሳይጠይቅ ትኬት አይቁረጥ።

የሚያስቸግረው ማደሪያው ነው። መኪና የሌለው ሰው ከመሐል ከተማ ርቆ ቢያርፍ ለእያንዳንዱ ጉዞ ባጃጅ ሲጠብቅ ይውላል፤ መሐል ከተማ ቢያርፍ ደግሞ እንቅልፍ የለም። ብዙዎች «ሐይቁን የሚያይ ክፍል» ብለው ይጠይቃሉ፣ ተጨማሪም ይከፍላሉ። ሐይቁን የሚያየው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ የሆቴሉን አትክልት ቦታም ያያል፤ ሠርግ የሚደገሰው ደግሞ እዚያ ነው። አንድ ዓመት በጥር ወር፣ ስሙን በማልጠራው ሆቴል፣ ሞንታርቦው ከመስኮታችን ሥር ተተክሎ የ4 ዓመቷ የልጅ ልጄ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ዓይኗን አልከደነችም። እንግዳ ተቀባይዋ «ዛሬ ብቻ ነው፣ እማማ» አለችኝ። በማግስቱም ሌላ ሙሽራ መጣ።

ከዚያ ወዲህ የምንሄደው በዐቢይ ጾም ነው። ሠርግ የለም፤ ጭፈራ ቤቱም ይቀዘቅዛል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር አልገባም፤ ሽሮውም ጥሩ ነው።) ተማሪ ልጆች ያሏቸው ግን የመንፈቅ ዓመቱን ዕረፍት መጠበቃቸው አይቀርም፣ እሱም ከሠርግ ወቅት ጋር ሊገጥም ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ሰኞ ገብቶ ዓርብ መውጣት ይበጃል።

አሁን የምናርፈው ፋሲሎ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለች ትንሽ ማረፊያ ነው። ሐይቁ አይታይም፤ በሕፃን እርምጃ እንኳ በእግር ይደረሳል። ክፍሏን ከመከራየቴ በፊት ያነጋገርኩት የማታውን ዘበኛ ነው። ሌሊቱን የሚያውቀው እሱ ነዋ! ጄነሬተሩ የት እንደቆመ፣ የውሃ ፓምፑ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ጎረቤት ያለው ግሮሰሪ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ አንድ በአንድ ነገረኝ። ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ከሆነም ጠይቁ። ባለቤቴ ማኅሌት እየሰማ ነው ደስ ብሎት የሚተኛው፤ ሕፃን ግን ይባንናል።

ነርስ ስለነበርኩ ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ወባ አለባት፤ የሚበረታውም ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። አጎበር የሌለው ክፍል፣ ወይም አጎበሩ የተቀደደ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ጸጥ ቢል አልገባበትም።

ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። ልጆች ውሃ ሲያዩ ጫማ ያወልቃሉ። ተውሳኩ ግን ዳር ላይ፣ ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ በደህና ቆዳ በኩል ይገባል፤ ውሃውን መጠጣት ወይም ቁስል መኖር አያስፈልገውም። እግራቸውን ለጥቂት ደቂቃ ቢነክሩትም ይበቃዋል። እኛ መዋኘት ለሚወዱት የሆቴል መዋኛ ገንዳ ሒሳብ ከፍለን እናስገባቸዋለን፣ ሐይቁን ከዳር ሆነን እናያለን። ልጁ አምልጧችሁ ገብቶ ከሆነና ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዘው፣ ለሐኪሙ «ጣና ገብቶ ነበር» በሉት። ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል። መድኃኒቱ በአፍ የሚወሰድ ነው፣ ይሠራልም።

አመሻሽ ላይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስለሚኖር ከልጅ ጋር ወደዚያ አልጠጋም።

ፍጹም መኪና የማይሰማበት ቀን ከፈለጋችሁ ዘጌ ነው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከወረዳችሁ በኋላ በቡና ጫካ ውስጥ በእግር ትወጣላችሁ፤ ወፍና ጦጣ እንጂ ሞተር የለም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችም ስለሚገቡ ከነቤተሰብ ይመቻል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ልጆቹ እየጠቆሙ ሲጠይቁ ግማሽ ቀን ያልቃል። ወደ ክብራን ገብርኤል ግን ሴት አትገባም፤ ጀልባ ስትስማሙ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ።

ጣና ጠዋት ጠዋት ዝም ያለ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበል ያመጣል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነስታችሁ ለምሳ መመለስ ነው። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊትም በልጆቹ ልክ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን አስወጥታችሁ እዩ፤ ለአዋቂ የተሠራው ትንሽ ልጅ ላይ በአንገቱ በኩል ይወጣል።