አሮጌዋ ቪትዝ፣ አዲሷ ቪትዝ እና የጋይንት ዳገት

«ልቀይራት ነው!» አለኝ ወዳጄ፣ ማኪያቶውን ሳይቀምስ።

ስለ ፍቅረኛው መስሎኝ ክው አልኩ። ለካስ ስለ መኪናው ነው!

ወዳጄ ቪትዝ አለው። የድሮውን ቅርጽ... ያቺን ክብ ክብ የምትለዋን፣ የፍጥነት ቁጥሯ ከዳሽቦርዱ መሃል የሚበራውን። ከመገናኛ እስከ ቦሌ የሷን ዓይነት ልቁጠር ያለ ሰው ጣት ያልቅበታል። ታዲያ ዕቁብ ሊደርሰው ሲል ልቡ ተነሳ። አሮጌዋን ሸጦ፣ ዕቁቡን ጨምሮ፣ የጎደለውን ተበድሮ «አዲሱን ቅርጽ» ሊገዛ አሰበ። ደላላው የነገረው መጨመሪያ ደግሞ የሦስት ዓመት ዕቁቡን ጥርግ አድርጎ የሚወስድ ነው። «እስቲ ንገረኝ፣ ያዋጣል?» አለኝ።

ውድ አንባብያን፣ ይኸ ጥያቄ የሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከእናንተም መሃል ቁልፉን እያሽከረከረ የሚያስብ አይጠፋም። መልሱን ያገኘነው ግን ከደላላም ከጋራዥም አይደለም። ከጋይንት ነው። ይኸውላችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

ሁለቱ እህትማማቾች

ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም. ነበር። ወዳጄ የታች ጋይንት ልጅ ነው፤ እናቱ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ይኖራሉ። እስቴ ላይ ደግሞ የዘመድ ሠርግ አለ። የአክስቱ ልጅ አዲሷን ቪትዝ ከገዛ ዓመት አልሞላውም። «እንግዲያው ሁለቱም መኪኖች አብረው ይውጡ፤ እናቴን እንጠይቅና ወደ ሠርጉ እንመለሳለን» ተባለ። እኔ ከአሮጌዋ ጋቢና ተቀመጥኩ፤ ዳኛ መሆኔ ነው።

ከመንገዱ በፊት ስለ መኪኖቹ ትንሽ ላውጋችሁ። ቪትዝ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ ነው። አውሮፓ ላይ ያሪስ ተባለች፤ የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላም ተመረጠች። ሁለተኛው ቅርጽ በ2005 መጣ። እኛ ሰፈር «አዲሱ» የሚባለው ሦስተኛው ቅርጽ የወጣው ደግሞ በ2010 መጨረሻ ነው። በ2020 ጃፓንም ቪትዝ የሚለውን ስም ትታ ያሪስ አለቻት። ልብ በሉ... እኛ «አዲስ» የምንላት መኪና ከወጣች አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል!

ሞተሩስ? የድሮዋ ባለ 1 ሺህ ሲሲ ሞተር አራት ፒስተን አለው። የአዲሷ ባለ 1 ሺህ ሲሲ ደግሞ ሦስት ፒስተን። ጉልበታቸው ግን ሁለቱም 70 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። አዲሷ ሰፋ፣ ከበድ ትላለች። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ከ2.37 ሜትር ወደ 2.51 ሜትር አድጓል። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን ዘርጋ ያደርጋል ማለት ነው። ይህችን 14 ሳንቲ ሜትር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ነፋስ የወሰደው ፈረስ

ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ብዙ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ በደርግ ዘመን ቻይኖች ስለሠሩት። ደብረ ታቦርን አልፈን፣ ጋሳይን፣ ክምር ድንጋይን ስንል በስተቀኝ ጉና ተራራ ብቅ አለ። ከፍታው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ገብሱ ታጭዶ፣ ነዶው ተከምሮ፣ ብርዱ በመስኮት እየገባ ጆሮ ይቆነጥጣል። እረኞቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ያዩናል።

እዚህ ላይ ሁለቱም ቪትዞች ማቃሰት ጀመሩ። ሞተር እንደ ሰው ነው፤ ይተነፍሳል። በየ1 ሺህ ሜትሩ ከፍታ ጉልበቱ በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ነፋስ መውጫ ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። 70 የነበረው ፈረስ እዚያ ሲደርስ 50 ቢቀር ነው። ሃያው የት ገባ? ነፋስ ወሰደው! ስሟስ ነፋስ መውጫ አይደል?

አሮጌዋ ማኑዋል ናት። ወዳጄ ወደ ሁለተኛ ማርሽ እያወረደ፣ ኤሲውን አጥፍቶ፣ ቀስ እያለ ወጣት። አዲሷ አውቶማቲክ ናት፤ ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት። ሦስት ሰውና ሦስት ሻንጣ ይዛ ነዳጅ ሲረግጧት ድምጿ ከፍ ይላል እንጂ ፍጥነቷ ንቅንቅ አይልም። ከኋላችን አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋብን ሁለታችንንም አልፎ ሄደ። ነፋስ መውጫ ስንገባ በመሃላችን የነበረው ልዩነት አንድ ቡና እስኪቀዳ ቢሆን ነው።

ለነገሩ በዚህ አገር የተንፏቀቅን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነው። መንገዱ እየተጠረገ፣ ሰው በገመድ እየጎተተ፣ ወራት ፈጀ። ያን ያሰበ ሰው በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ወጣሁ ብሎ አያማርርም።

የ14 ሳንቲ ሜትር ጉድ

ከአርብ ገበያ ወጥተን ወደ ወዳጄ ቀዬ ስንታጠፍ መንገዱ ፒስታ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ፒስታም መሆኑ ቀረ። መሃል ላይ እንደ ግመል ሻኛ ያበጠ ጉብታ ገጠመን። አሮጌዋ ሆዷን ጫር አድርጋ አለፈች። አዲሷ ግን የፊት ጎማዋ ወርዶ፣ የኋላው ሳይወጣ፣ ሆዷ ከጉብታው ላይ ተቀመጠ። ያቺ 14 ሳንቲ ሜትር! በሁለቱ ጎማዎች መሃል ያለው ርቀት ሲረዝም ጉብታ ላይ ሆድ ይነካል። ለአዲስ አበባ አስፋልት የተመቸው ነገር ለጋይንት ጉብታ አልሆነም።

ተሳፋሪ ወረደ። የሰፈሩ ልጆች ተሰበሰቡ፤ «ሆ» ብለው ገፉልን። ከሥሯ የተንጠለጠለውን ፕላስቲክ በገመድ አስረን ቀጠልን። የአክስቱ ልጅ ፊቱ ጠቁሯል። ወዳጄ ግን... እውነቱን ልናገርና ከንፈሩን ነክሶ ነው ሳቁን የያዘው።

«ስንት ሰው ትይዛለች?»

እናቱ ደጅ ቆመው ጠበቁን። አገላብጠው ሳሙን። ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ቡና ተፈላ። ወዳጄ ሁለቱን መኪኖች እያሳየ፣

«እማዬ፣ የትኛዋ ታምራለች?» አለ።

እናት ሁለቱንም አየት አየት አደረጉ። «ይችኛዋ ስንት ሰው ትይዛለች?»

«አምስት።»

«ያችስ?»

«እሷም አምስት።»

«ታዲያ ምኑ ነው ልዩነቱ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሳቁ በረድ ሲል ግን ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። «ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ‹መኪና ልቀይርና እመጣለሁ› ስትለኝ፣ የያዝካት መንቀሳቀስ ያቃታት መስሎኝ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

ማንም ቃል አልተነፈሰም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ ስልክ ሲጠፋ ወዳጄ እንቅልፍ አጥቶ እንደነበር አውቃለሁ። ነገሩ ከበረደ በኋላ ያስቀረው ግን ሥራ ይመስለኝ ነበር። ለካ በአሮጌ መኪና አገር መግባት አፍሮ ነው! የአክስቱ ልጅ በአዲስ ሲገባ እሱ በአሮጌ... ወዳጄ አንገቱን ደፍቶ ስኒውን አገላበጠ።

የስማዳው አባት

ወደ እስቴ ለመሄድ ወደ ደብረ ታቦር ተመለስን። ከሆስፒታል የወጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሱልን። ስማዳ፣ ወገዳ ማዶ ነው ቤታቸው። የራጅ ፖስታቸውን ከጋቢያቸው ሥር ይዘዋል። «እስከ መካነ ኢየሱስ ካደረሳችሁኝ ከዚያ ወዲያ ያለውን በአይሱዙም በእግርም እገፋዋለሁ» አሉ። ከኋላ ገቡ።

መንገድ ላይ ወዳጄ ልማዱ ነውና ጠየቃቸው። «አባቴ፣ መኪናዋን እንዴት አይዋት? አርጅታለች አይደል?»

«ኧረ መልካም ናት፤ ትቆማለች» አሉ።

መጀመሪያ ስለ ፍሬኑ መስሎን ተሳሳቅን። እሳቸው ግን ስለ ፍሬን አልነበረም የሚያወሩት። ጠዋት ከእኛ በፊት ያለፉት መኪኖች አልቆሙላቸውም።

እስቴ ሠርጉ ላይ ደግሞ ፍርዱ ተገለበጠ። ሙሽራዋ የተጫነችው በአዲሷ ቪትዝ ነው። ሪባን ታሰረላት፣ ወጣቱ ሁሉ እየተደገፈ ፎቶ ተነሳ። ውሸት ለምን እንናገር፣ ለሠርግ አዲሷ በለጠች!

ታዲያ ይቀየር ወይስ አይቀየር?

ጉልበት ፈልጋችሁ ከሆነ አትልፉ፤ ባለ 1 ሺህ ሲሲዋ ያው ናት። ስፋት ከሆነና ኑሯችሁ ከተማ ውስጥ ከሆነ፣ ልዩነቱ እውነት ነው። ደህንነት ካላችሁም አዲሷ ትሻላለች። በ2011 አውሮፓ የተፈተነችው ያሪስ አምስት ኮከብ አግኝታለች። ግን የኤርባግ ቁጥር ከመኪና መኪና ይለያያልና የምትገዟትን ራሷን አስፈትሹ። ልጅ ይዞ ረጅም መንገድ ለሚመላለስ ሰው ይኸ በቂ ምክንያት ነው።

ሲቪቲ ያላትን የምትገዙ ደግሞ የካምቢዮ ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ዘይቱ የራሷ ዓይነት ነው፤ ያገኙትን አይጨምሩባትም። ገጠር ለምትመላለሱ ግን መፍትሔው አዲሷም አሮጌዋም አይደለችም። ደህና ጎማ፣ አዲስ የፍሬን ሸራ፣ በነፋስ የተሞላ ስኮርት እና ከሞተሩ ሥር የሚታሰር ጠንካራ ብረት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጣችሁ አትኑሩ፤ ይግልና ይከዳችኋል። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ።

ሌላም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ሰቀለው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ዛሬ «አዲሷን» የምትገዙት ከወደብ አይደለም፤ ከጎረቤታችሁ ነው። እሱ ለምን እንደሸጣት መጠየቅ አይከፋም።

ኤሌክትሪኳስ? ትንንሾቹ እነ ቢዋይዲ ከፍታ አያደክማቸውም፤ ቁልቁለት ሲወርዱም ባትሪያቸውን መልሰው ይሞላሉ። ለጉና ዳገት የተፈጠሩ ይመስላሉ። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ነፋስ መውጫ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የት የት እንደምትሞሉ ሳታውቁ አትነሱ። ባትሪያቸውም ያለው ከሆዳቸው ሥር ነው። ያን ጉብታ አስቡት!

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህ ጉዞ የ2015 ጥር ነው። በዚያው ዓመት ክረምት በክልሉ ከተነሳው ጦርነት ወዲህ ያ መንገድ ለመዝናናት ተነስተው የሚሄዱበት አይደለም። ዘመድ ያላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ፣ ጠይቁ።

ወዳጄስ? አልቀየራትም። ዕቁቡ ሲደርሰው አራት ጎማ፣ ፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ አስገባላት። በተረፈው የእናቱን ቤት ቆርቆሮ አስቀየረ። «ያው ቀይረሃል አይደል፣ ብቻ ሌላ ነገር ነው የቀየርከው» ብዬ እቀልድበታለሁ። አሁን መንገዱ ሲዘጋ ይደውላል፤ ተከፈተ ሲባል በዚያችው በአሮጌዋ ይነሳል። ከኋላ ወንበሯ አንዱን ቦታ ባዶ ይተዋል፤ ደብረ ታቦር ላይ እጅ የሚያነሳ አይጠፋም።

በሉ መልካም መንገድ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ፍሬናችሁን አሳዩ!